የግሉን ከጋራው መለየት፦ ለኪቦርድ ፈርምዌር ማሻሻያ የማበርከት ትምህርት

በዚህ ትምህርት አንድ ሰው በጋራ በሚሠራ የኪቦርድ ፈርምዌር ላይ ያገኘውን ማሻሻያ ለሌሎች እንዴት እንደሚያበረክት እንማራለን። ትእዛዞቹ ጥቂት ናቸው፤ በቃል መያዝም አያስቸግርም። ነገር ግን የእያንዳንዱን ትርጉም የተረዳ ሰው ነው መንገዱ ሲጠፋበት የሚመለስበትን የሚያውቀው። ስለዚህ ቃላቱን አንድ በአንድ እንፍታ።

ፈርምዌር ማለት በመሣሪያው ውስጥ ባለች ቺፕ ላይ ተጭኖ መሣሪያውን የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። የኪቦርድ ፈርምዌር የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ ያያል፤ ከዚያም የቁልፉን መለያ ቁጥር ለኮምፒውተሩ ይልካል። የላቲኑ «ኤ» ቁልፍ ለምሳሌ በዩኤስቢ ሥርዓት ቁጥሩ 4 ነው። እንግዲህ ፈርምዌሩ የሚልከው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። ቁጥሩን ወደ «ሀ» ወይም ወደ «አ» የሚለውጠው በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው የግእዝ መጻፊያ ነው። ፊደሉ ተለውጦ ሲወጣ መጀመሪያ መጻፊያውን እንመርምር፤ አንዴ የተጫነ ቁልፍ ሁለቴ ሲጽፍ ግን ወደ ኪቦርዱ እንመለስ።

ክፍት ምንጭ የሚባለው ደግሞ ኮዱን ማንም እንዲያነበው፣ እንዲለውጠውና እንዲያካፍለው በፈቃድ የተሰጠ ሶፍትዌር ነው። ኪው ኤም ኬ የተባለው የኪቦርድ ፈርምዌር በጂፒኤል ፈቃድ የተሰጠ፣ እርሱም ራሱ ቲ ኤም ኬ ከተባለ ቀደምት ሥራ የተገኘ ነው። ምሳሌያችንን ከዚሁ እንውሰድ።

የቁልፍ ብረት ሲነካካ ለአፍታ ይንቀጠቀጣል። ፈርምዌሩ ይህን እንደ ብዙ ንክኪ እንዳይቆጥረው ጥቂት ይጠብቃል፤ ይህ ጥበቃ ዲባውንስ ይባላል። በኪው ኤም ኬ የተለመደው መጠን 5 ሚሊሰከንድ ነው። አሁን ቁልፋችን ሁለቴ ይጽፋል እንበል። አንድ ቁልፍ ብቻ ከሆነ ምናልባት ያረጀው የእኛው ቁልፍ ነው፤ መፍትሔው ቁልፉን መቀየር ነው። የዚያ ሞዴል ኪቦርዶች ሁሉ እንዲህ የሚያደርጉ ከሆነ ግን ጉድለቱ የጋራ ነው፤ በጋራው ኮድ ይታረማል። የቁልፎችን አደራደር ለራስ እንዲመች መለወጥም የግል ነው፤ ኪው ኤም ኬ የግል አደራደሮችን ወደ ዋናው ኮድ አይቀበልም። እስካሁን ያየነው ይህን ነው፦ ከማበርከት በፊት ለውጡ የማን እንደሆነ ይለያል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንሻገር። ጊት ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ሥራ የፈጠረው የለውጥ መመዝገቢያ ነው። ፋይልን ሴቭ ማድረግና ኮሚት ማድረግ አንድ አይደሉም። ሴቭ የአሁኑን ይዞታ ብቻ ያስቀምጣል። ኮሚት ግን ማን፣ መቼ፣ ምን፣ ለምን እንደለወጠ የሚናገር ቋሚ መዝገብ ነው፤ ከዚህ ሁሉ የሚሰላ መለያም አለው።

ኮዱ በሦስት ቦታ ይኖራል። የመጀመሪያው የፕሮጀክቱ ዋና ማኅደር ነው። ሁለተኛው ፎርክ ነው፤ ይህም የጊት ማኅደሮች በሚቀመጡበት ድረ ገጽ በጊትሀብ ላይ በስማችን የተቀመጠ ቅጂ ነው። ሦስተኛው ክሎን ነው፤ ወደ ኮምፒውተራችን ያወረድነው ቅጂ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ ብራንች፣ ማለትም ቅርንጫፍ፣ ይኖራል፤ በኪው ኤም ኬ ዋናው ቅርንጫፍ ማስተር ይባላል።

ጀማሪን ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቆም እንበል። ፎርኩ የእኔ ስለሆነ በራሴ ማስተር ላይ ብሠራ ምን አለ? ምክንያቱ ይህ ነው። ሥራችን ተቀባይነት ሲያገኝ ሦስትም ይሁን አራት ኮሚት ተጠቅልሎ አንድ አዲስ ኮሚት ይሆናል። ይዘቱ ያው ነው፤ መለያው ግን ሌላ ነው። ጊትም የእኛን ኮሚቶችና አዲሱን እንደ ተለያዩ ሥራዎች ያያቸዋል፤ የእኛ ማስተርም ከዋናው መንገድ ይለያል። ስለዚህ ማስተርን ከዋናው ማኅደር እያደስን ንጹሕ እንጠብቀው፤ ለእያንዳንዱ ለውጥም አዲስ ቅርንጫፍ እንክፈት። በአንድ ቅርንጫፍ አንድ ለውጥ ብቻ ይሁን፤ የሁለት ኪቦርድ እርማት ሁለት ቅርንጫፍ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ፑሽ ከፑል ሪኩዌስት ይለይ። ፑሽ ኮሚታችንን ወደ ራሳችን ፎርክ መላክ ነው፤ የማንንም ፈቃድ አይሻም። ፑል ሪኩዌስት ግን «ይህን ሥራዬን መርምራችሁ ወደ ዋናው ውሰዱልኝ» የሚል ጥያቄ ነው። የመሠረቱን ኮድ የሚነካ ለውጥ ዲቨሎፕ ወደተባለው ቅርንጫፍ ይቀርባል፤ እርሱም በየሦስት ወሩ ከማስተር ጋር ይዋሐዳል። ከማቅረባችን በፊት ኮዱን ኮምፓይል አድርገን፣ ማለትም ቺፗ ወደምታሠራው ፕሮግራም ለውጠን፣ በኪቦርዱ ላይ እንሞክረው፤ በጥያቄውም ያየነውን ችግርና የለወጥነውን በግልጽ እንጻፍ።

መርማሪዎቹ እርማት ቢሰጡ ጥያቄው ውድቅ ሆነ ማለት አይደለም። በዚያው ቅርንጫፍ አርመን ፑሽ ስናደርግ ጥያቄው ራሱ ይታደሳል። ያቀረበው ጥያቄ መሆኑን ያወቀ ሰው እርማቱን በትዕግሥት ይቀበላል፤ የጋራው ኮድ በማያውቃቸው ሰዎች እጅ ባሉ ኪቦርዶች ላይ እንደሚጫን ያስተውላልና።

እንግዲህ ስናጠቃልል፦ ጉድለቱ የግል ወይስ የጋራ መሆኑን ለይተናል፤ ማስተርን ከሥራ ቅርንጫፍ፣ መላክን ከመጠየቅ ለይተናል። ለውጣችን ሲወሰድ ማስተራችንን ከዋናው እናድስ፤ ሥራውን የጨረሰውን ቅርንጫፍ እንሰርዝ። ያን ጊዜ እርማታችንን በማስተር ውስጥ እናገኘዋለን፤ የመጣውም እንደ ሌሎቹ ሰዎች ሥራ ሁሉ ከዋናው ማኅደር ነው።