ጠያቂና ተጠያቂ፦ ስለ እስረኞች አያያዝና ስለ መንግሥት ኃላፊነት



«ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ምሳሌ ከአያቶቹ ያልሰማ የጎጃም ሰው አይገኝም። ገበሬው በሞፈርና በቀንበር ሰማይን ሊያርስ እንደማይችል ሁሉ ባለሥልጣንንም በክስ ሊደርስበት እንደማይችል የሚናገር ቃል ነው። ለአድናቆት ይሁን ለምሬት የተነገረ እንደ ተናጋሪው ይለያያል፤ የሀገራችን አስተዳደር ግን ለብዙ ዘመን በዚሁ ምሳሌ ሲመራ ኖሯል።

ይኸው ቋንቋችን በአንጻሩ ልናስተውለው የሚገባ ሌላ ሀብት አለው። «ጠየቀ» የሚለው ግስ ሁለት ሥራ ይሠራል። የታመመ እንጠይቃለን፥ የታሰረም እንጠይቃለን፤ ይህ የምሕረት ሥራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰውም ስለ አደራው ይጠየቃል፤ ይህ ደግሞ የፍትሕ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ከሰባቱ ሥጋዊ የምሕረት ሥራዎች አንዱ አድርገን ለሕፃናትና ለንኡሰ ክርስቲያን እናስተምራለን። ሁለተኛውን ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጭ ያለ፥ የፖለቲከኞች ጉዳይ አድርገን እንተወዋለን። የዚህ ትምህርት ዓላማ ሁለቱ ሊነጣጠሉ እንደማይገባ ማሳየት ነው።

በቀድሞው ዘመን እስራት ራሱን የቻለ ቅጣት ከመሆኑ ይልቅ ሰውን እስከ ፍርዱ ቀን ማቆያ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ነገሩ ሲከብድም በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። «ቁራኛ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው። «ወህኒ» የሚለው ስም ደግሞ በጎንደር ዘመን የነገሥታት ልጆች ይጋዙበት ከነበረው ከወህኒ አምባ ጋር የተያያዘ ነው። የታሳሪው እንጀራ ግን የዘመዱ ዕዳ ነበር። መንግሥት የእስረኛውን እግር ያውቃል እንጂ ሆዱን አያውቅም።

የጎጃሙ ተወላጅ፥ በመርጡለ ማርያም የተማሩት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፥ በኋላም በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊት ጋር ሲጓዙ በ1847 ዓ.ም. ዐረፉ። ይህን የምናነሣው የቆየ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። አንድ ነገር ልብ እንድንል ነው፤ ያን ጊዜ «ይህ ሽማግሌ እንዴት ተይዘዋል?» ተብሎ ሊጠየቅ የሚችል፥ መልስም የመስጠት ግዴታ ያለበት አንድም ሹም አልነበረም።

አሁንስ? ስንቅ ይዘው በእስር ቤት ደጅ የሚቆሙ እናቶችን ያላየ ማን ነው? ከጎዛምን ወይም ከማቻከል ወደ ደብረ ማርቆስ የምትመጣው እናት ደክማም ቢሆን ትደርሳለች። ከባሶ ሊበን ቆላ፥ ከዐባይ አፋፍ የምትነሣው ግን የመንገዱ ርቀትና የመሳፈሪያው ዋጋ ይከለክላታል። ዘመድ ያለው ሲበላ ዘመድ የሌለው አጠገቡ ተቀምጦ ያያል። ስለዚህ እኛ ይዘነው የምንሄደው እንጀራ መልካም ሆኖ ሳለ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ነጻ ሰው ሲርበው ሠርቶም ለምኖም ይበላል፤ ቢታመም ሌላ ሐኪም ይፈልጋል፤ የሰፈሩ ውኃ ቢቋረጥ ወደ ወንዝ ይወርዳል። እስረኛው ግን ይህን ሁሉ ማድረግ አይችልም፤ የከለከለውም መንግሥት ነው። በሩን የቆለፈ እጅ እስረኛው ለራሱ ሊያደርግ ያልቻለውን ሁሉ በዚያው ሰዓት ተረክቧል። እንግዲህ የእስረኛው ምግብ፥ መኝታ፥ ሕክምናና ደኅንነት ከመንግሥት የሚጠበቅ ችሮታ ሳይሆን መንግሥት ያለበት ዕዳ ነው።

በዚህ ረገድ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች ሁሉ ይበልጥ ሊያስተምረን የሚገባው የሀገራችን ሰው ነው። ነቢዩ ኤርምያስ በመኳንንቱ ውሳኔ ውኃ በሌለበት፥ ጭቃ በሞላበት ጕድጓድ ተጣለ (ኤር. 38፥1-13)። ኢየሩሳሌም ተከባ ስለ ነበር እንጀራም እያለቀ ነበር። ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ይህን በሰማ ጊዜ ስንቅ ቋጥሮ ወደ ጕድጓዱ አልሮጠም። አስቀድሞ ንጉሡ ወደ ተቀመጠበት ወደ ብንያም በር ሄዶ፥ መኳንንቱ ክፉ እንዳደረጉና እስረኛው በረኃብ እንደሚሞት በአደባባይ ነገረው። ንጉሥ ሴዴቅያስ ራሱ ነቢዩን ለመኳንንቱ አሳልፎ የሰጠ ደካማ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ሲጠየቅ ትእዛዙን ለወጠ። ከዚያ በኋላ አቤሜሌክ ገመድ ብቻ ሳይሆን አሮጌ ጨርቅም ፈልጎ ነቢዩ በብብቱ ሥር እንዲያደርገው አወረደለት፤ ገመዱ ሥጋውን እንዳይልጠው አስቦ ነው። በአደባባይ የደፈረው ያው ሰው ለእስረኛው ብብት ተጨነቀ። ከሁለት አንዱ ቢጎድል ኤርምያስ ወይ ከጕድጓዱ አይወጣም ነበር፥ ወይ ቆስሎ ይወጣ ነበር።

ቅዱስ ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ከታሰረ በኋላ ሹማምንቱ በስውር ሊለቁት ሲሹ እምቢ አለ፤ ያሰሩት ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት አስገደዳቸው (ሐዋ. 16፥35-40)። ከበቀል የመጣ አልነበረም፤ በአደባባይ የተሠራ በደል በጓዳ እንዲቀበር አለመፍቀድ ነበር።

ቤተ ክርስቲያንም ይህን ትምህርት በሥራ ለመግለጽ ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ409 ዓ.ም. የሮም ነገሥታት ሆኖርዮስና ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ባወጡት ሕግ ዳኞች በየእሑዱ እስረኞችን አስወጥተው በጠባቂዎች እጅ ሰብአዊ አያያዝ ተነፍጓቸው እንደ ሆነ ይጠይቋቸው ዘንድ፥ ለሌላቸውም ምግብ እንዲሰጥ ታዘዘ። ያልፈጸመው ዳኛ ራሱ በወርቅ ይቀጣል፤ ጳጳሳቱም ዳኛውን የማሳሰብ ግዴታ ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ549 ዓ.ም. በኦርሌያን ከተማ የተሰበሰበው ሲኖዶስ ደግሞ የሊቀ ዲያቆኑ ወይም የተወካዩ የእሑድ ሥራ እስረኞችን መጎብኘት መሆኑን ደነገገ። በእኛ ዘመን ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ «ሐሴትና ተስፋ» በተባለው ሰነዱ (ቁ. 27) ያለ ሕግ ማሰርንና ለሰው የማይገባ አኗኗርን የሰውን ክብር ከሚያዋርዱ ነውሮች ጋር ቈጥሯቸዋል።

ወደ ሀገራችን ሕግ ስንመለስ፥ የጎደለን ቃል አይደለም። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፥ ማንኛውም ኃላፊም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል። የአያቶቻችን ምሳሌ በወረቀት ላይ የተሻረው በዚህ አንቀጽ ነው። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። አንቀጽ 21 እስረኛ ሰብአዊ ክብሩ እንዲጠበቅለት፥ የትዳር ጓደኛው፥ የቅርብ ዘመዶቹ፥ ጓደኞቹ፥ የሃይማኖት አማካሪው፥ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት መብት ይሰጣል። ካህንና ካቴኪስት በማረሚያ ቤት ደጅ ሲቆሙ በጠባቂው በጎ ፈቃድ ብቻ የቆሙ አይደሉም ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ተቋቋሙ። በኋላ የወጣውም አዋጅ «ማረሚያ ቤት» የሚለውን ስም አጸና። ስሙን ስንለውጥ ግን ዕዳችንን ጨምረናል፤ «አስራለሁ» ያለ የሚጠየቀው ስለ ቁልፉ ነው፥ «አርማለሁ» ያለ ግን ስለ ሰውየውም ይጠየቃል።

ቃሉ ከሥራው እንዴት እንደሚርቅ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት እሳት ተነሥቶ መንግሥት ራሱ እንዳስታወቀው 23 እስረኞች ሞቱ። ቃጠሎውን አስነሥታችኋል ተብለው የተከሰሱት 38 ሰዎች እነርሱም እስረኞች ነበሩ። እነዚህ ተከሳሾች ድብደባና ሥቃይ እንደ ደረሰባቸው ሲናገሩ ፍርድ ቤቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን እንዲመረምር አዘዘ፤ ኮሚሽኑም በአካላቸው ላይ የጉዳት ምልክት ማግኘቱን ገለጠ። ዳኛው መጠየቁ መልካም ነው። ነገር ግን በመንግሥት ቁልፍ ሥር ለሞቱት 23 ነፍሳት የመጀመሪያው ጥያቄ ሊቀርብ የሚገባው ለቁልፉ ባለቤት ነበር።

የእኛም ጎጃም ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ገበሬው አቤት ብሎ ሰሚ በማጣቱ ነፍጥ አነሣ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በመጨረሻ ሕዝቡ ያማረረባቸው የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ተነሡ፤ የተነሡት ግን ወደ ከፋ ተዛውረው በዚያም ገዥ ለመሆን ነው። ይህ ልማድ በሀገራችን ሥር ሰድዷል። ሰው ሲበደል ሹሙ ይዛወራል፥ ቤቱ ይዘጋል፥ ስሙ ይለወጣል። «ዓለም በቃኝ» ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ታነጸ፤ ማዕከላዊም በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ። መዝጋቱ ደስ ያሰኛል፤ ዝውውርና መዝጋት ግን መጠየቅ አይደሉም።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የታወጀውና ተራዝሞ እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይህን ጥያቄ ወደ ብዙ ቤተሰቦቻችን ደጅ አምጥቶታል። ስለዚህ ምእመናን ሊያውቁት የሚገባ ነጥብ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ሊታገድ አይችልም፤ መርማሪ ቦርዱም የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ የመግለጽ ግዴታ አለበት። ልጇ የት እንዳለ የማታውቅ እናት የምትጠይቀው ይህንኑ በሕግ የታዘዘውን ነው፤ የፖለቲካ ወገን መያዝም አይደለም።

ከሁለቱም ወገን ያለውን ፍርሃት እናውቃለን። ጠባቂዎቹም ልጆቻችን ናቸው፤ ብዙዎቹ ጥቂት ደመወዝ ይዘው በተጣበበ ግቢ ውስጥ ይውላሉ። ስለዚህ ጥያቄው በስድብ ሳይሆን በአቤሜሌክ ሥርዓት፥ ወደሚመለከተው በር ይቅረብ። የደብረ ማርቆስ ማረሚያ ቤት የክልሉ እንጂ የፌዴራሉ አይደለም፤ በመጀመሪያ ኃላፊው፥ ቀጥሎ የክልሉ ማረሚያ ቤቶች አስተዳደር፥ ከዚያም የክልሉ ምክር ቤት ይጠየቃሉ። የሰብአዊ መብት ኮሚሽንም የእንባ ጠባቂም በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አላቸው። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የተያዘ ሰው ቢኖር የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታን ይፈቅዳል፤ ታሳሪው ራሱ ቃለ መሐላ ማቅረብ ካልቻለ ሌላ ሰው ሊያቀርብለት ይችላል።

በየቁምስናው ይህን ትምህርት የምትሰጡ ካቴኪስቶች አስቀድማችሁ ኤርምያስ ምዕራፍ 38ን ከተማሪዎቹ ጋር አንብቡ። ከዚያም ከቁምስናችሁ የታሰሩትን ስም፥ የታሰሩበትን ቀን፥ ፍርድ ቤት ቀርበው እንደ ሆነ፥ ከእነርሱም መካከል ጠያቂ ዘመድ የሌለው ማን እንደ ሆነ በአንድ ደብተር መዝግቡ። በሚቀጥለው ጉብኝት ስንቁንም ደብተሩንም ይዛችሁ ሂዱ።