ሰርሲያልን ለምትቀምስ ልጄ

ልጄ፣ ከማዴይራ የመጣ የሰርሲያል ወይን እጅህ ገብቷልና ከመክፈትህ በፊት ስማኝ።

1. ምላስህ አክሱሚት ከለመደ የመጀመሪያዋ ፉት ፊትህን ታጨማድዳለች። በእሷ አትፍረድ። ሁለተኛዋን አፍህ ውስጥ ጥቂት አቆያት፤ ጎምዛዛው ሲያልፍ የተቆላ ለውዝና የብርቱካን ልጣጭ ጣዕም ይከተላል፤ ከዋጥክም በኋላ ቶሎ አይለቅህም። ስኳር የለውም ይሉታል እንጂ ጥቂት አለው፤ ኮምጣጣነቱ ስለሚያይል ነው የማይታወቀው።

2. ኮምጣጣነቱ ከየት እንደመጣ እወቅ። ማዴይራ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለች፣ እሳተ ገሞራ የፈጠራት የፖርቱጋል ደሴት ናት። ወይኑ በገደሉ ላይ በእርከን ይተከላል፤ ውሃው ሌቫዳ በሚሉት ቦይ ከተራራው ይወርድለታል። ሰርሲያል ነጭ የወይን ዘር ነው፤ ቀዝቀዝ ባለው ከፍታና በሰሜኑ ዳርቻ ስለሚበቅል ዘግይቶ ይበስላል፣ አሲዱም ሳይቀንስ ይለቀማል። እርሾው አብዛኛውን ስኳር ከበላው በኋላ ከወይን የተጣራ 96 በመቶ አልኮል ይጨመርበታል። ለጣፋጮቹ፣ ለማልቫዚያና ለቦዋል፣ አልኮሉ ቀደም ብሎ ነው የሚገባው።

3. ወይን ከሙቀት ይጠበቃል ሲባል ሰምተሃል። እዚህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ድሮ በመርከብ ሐሩሩን አገር አቋርጦ የተመለሰው በርሜል ጣዕሙ ተሻሽሎ ስለተገኘ፣ ዛሬም ሆን ብለው ያሞቁታል። ርካሹ በታንክ ውስጥ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሙቀት ቢያንስ 3 ወር ይቆያል። ደህናው ግን በእንጨት በርሜል ሆኖ ፀሐይ ከሚያሞቀው ጣሪያ ሥር ለዓመታት ያረጃል። ጠርሙሱ ላይ «ፍራስኬይራ» ካየህ ቢያንስ 20 ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየ ነውና ዋጋውን ሳትጠይቅ እጅህን ኪስህ አትክተት። ለጀማሪ የ10 ዓመቱ ይበቃል፤ እውነቱን ለመናገር ለእኔም ይበቃኛል።

4. ቀዝቀዝ አድርገው፤ በረዶ ግን አታስነካው።

5. ከምግብ በፊት፣ በትንሽ ብርጭቆ፣ ጨው ከነካው ለውዝ ወይም ከወይራ ፍሬ ጋር ጠጣው። አልኮሉ ከተራ ወይን ይበልጣልና እንደ ጉደር አትቅዳው። ከኬክ ጋር የሚያቀርብልህ ካለ ከማልቫዚያ ጋር አምታቶታል።

6. ጠርሙሱን አቁመህ አስቀምጥ፤ ተጋድሞ ከቆየ አሲዱ ቡሹን ይበላዋል። ከተከፈተም በኋላ ለወራት ይቆይልሃል፤ ሙቀትና አየር የሚያደርሱበትን ገና በርሜል ውስጥ ሳለ አድርሰውበታልና። ዛሬውኑ ካልጨረስነው ይበላሻል የሚል ጓደኛ ቢመጣብህ አትመነው።