ቪዛ ስንጠይቅ እውነቱን ይዘን

ከመካከላችን ለማስተርስ ወደ አሜሪካ ለመሄድ የሚያመለክቱ ብዙ ናቸው። ዒልም ፍለጋ መጓዝ የቀደምቶቻችን መንገድ ነው። ሆኖም ያማረ ኒያ በውሸት ሰበብ ሊበላሽ ይችላል።

መጀመሪያ ሂደቱን እንወቅ። ዩኒቨርሲቲው ከተቀበለን በኋላ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ መሸፈን እንደምንችል አይቶ አይ-20 የተባለውን ቅጽ ይልካል። ቀጥሎ 350 ዶላር የሴቪስ ክፍያ ይከፈላል፤ ዲኤስ-160 ቅጽ በኢንተርኔት ይሞላል፤ 185 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ ይከፈልና አዲስ አበባ በሚገኘው ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል። የማመልከቻው ክፍያ ብንከለከልም አይመለስም።

ፈተናው የሚመጣው ባንክ ቤት ላይ ነው። «ገንዘቡን ለሳምንት አካውንቴ ውስጥ አስገባልኝ፤ ስቴትመንት ካወጣሁ በኋላ እመልስልሃለሁ» የሚል አለ። ብሩ እውነተኛ ነው፤ ወረቀቱ የሚናገረው ግን እውነት አይደለም። የሌለንን እንዳለን አድርጎ ያሳያልና።

ሐላሉ መንገድ ጠባብ አይደለም። አባት ወይም አጎት ስፖንሰር መሆን ይችላሉ፤ በራሳቸው ስም ስቴትመንትና ደብዳቤ ያቅርቡ። ለትምህርቱ የሚውል ብድር ከሆነም ብድር መሆኑ ይነገር። ዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፕ ወይም የረዳት መምህርነት ሥራ ከሰጠን ደግሞ አይ-20 ላይ ይሰፍራል፤ ከቤተሰብ የሚጠበቀውም ይቀንሳል።

ቅጹን ደላላ ወይም የኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ ቢሞላልን እንኳ ተጠያቂዎቹ እኛው ነን። ሳናነብ አናስልክ።

ልዩነቱን እናስተውል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በ214(ለ) የተከለከለ ሰው ሁኔታው ሲሻሻል እንደገና ማመልከት ይችላል። አውቆ በመሠረታዊ ጉዳይ የዋሸ ግን፣ ልዩ ምሕረት ካላገኘ በቀር፣ ዕድሜ ልኩን ሊታገድ ይችላል። ክልከላ ያልፋል፤ ውሸት ግን መዝገብ ላይ ይቀራል። ከዚያ የሚከብደው ደግሞ በአላህ ዘንድ ያለው መዝገብ ነው። የሱረቱል ማኢዳ የመጀመሪያዋ አያ ምእመናን ውላቸውን እንዲሞሉ ታዛለች፤ ቪዛም ውል ነው።

ሰበቡን እናድርስ፣ ኢስቲኻራ እንስገድ፣ ውጤቱን ለአላህ እንተው። ሪዝቃችን በእርሱ እጅ ነው።

ለሐለቃ ውይይት፦
1. ጓደኛችሁ ለስቴትመንት ብቻ ገንዘብ እንድታበድሩት ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?
2. የተከለከለ ወንድማችንን ጀመዓው እንዴት ያጽናናው?

ወላሁ አዕለም።