የቮልስ ሞተር ቀለም ለምን ስስ ይሁን?

በየጋራዡ «የቮልስ ሲሊንደር ጥቁር ቀለም ከተቀባ ይቀዘቅዛል» ሲባል ይሰማል። አባባሉ የፊዚክስ መሠረት አለው፤ ጥቁር ቀለም ከተወለወለ ብረት የበለጠ ሙቀት በጨረራ ያስወጣልና። ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው።

የቮልስዋገን ቢትል ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው፤ ማራገቢያው አየሩን በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል ይነዳዋል። የሲሊንደሩ ገጽ 150፣ ዙሪያው ደግሞ 60 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው እንበል። ለአየሩ የሙቀት ማስተላለፍ መጠን 100 ዋት በካሬ ሜትር በኬልቪን ብንወስድ፣ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 9,000 ዋት በአየር ይወሰዳል። በስቴፋን-ቦልትዝማን ሕግ ሲሰላ፣ ጥቁሩ ቀለም በጨረራ የሚያስወጣው ቢበዛ 1,000 ዋት ገደማ ነው። ክንፎቹም ፊት ለፊት ስለሚተያዩ አንዱ የለቀቀውን ሌላው ይቀበለዋል፤ ትርፉ ከዚህም ያንሳል።

በአንጻሩ ቀለም ራሱ ደካማ ሙቀት አስተላላፊ ነው፤ መጠኑ 0.2 ዋት በሜትር በኬልቪን ገደማ ነው። 0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለም ሙቀቱን የሚያግደው አየሩ ከሚያግደው 2.5 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን 25 በመቶ ይደርሳል። ለማሳመር ብሎ ቀለም የሚደራርብ ሰው ሳያውቀው ለሞተሩ ጋቢ ያለብሰዋል።

ታዲያ ለምን ይቀባል? ብረቱ እንዳይዝግ ነው። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ፣ ቅባቱ በማሟሚያ ከተወገደ በኋላ ሙቀት የሚቋቋም ቀለም በስሱ ይነፋበታል። ሲሊንደሩ ከቴስታታውና ከሞተሩ አካል ጋር የሚገጥምባቸው ገጾች ግን አስቀድመው በወረቀት ይሸፈናሉ፤ እዚያ ብረት ከብረት ጋር እንጂ ከቀለም ጋር መግጠም የለበትም።