ከመደወል ይልቅ መጻፍ ለምን ይቀላል?
ማኅበራዊ ጭንቀትና የመገናኛ ቴክኖሎጂ ምርጫ

አዲስ የመገናኛ መሣሪያ ሲመጣ ሰዎች የሚቀበሉት ወይም የሚተዉት ዋጋውንና ፍጥነቱን መዝነው ብቻ ይመስለናል። ይሁን እንጂ መሣሪያው በሌላው ሰው ፊት ምን ያህል እንደሚያጋልጠን ጭምር ምርጫችንን ይወስነዋል። በዚህ ጽሑፍ ማኅበራዊ ጭንቀት በዚህ ምርጫ ላይ ያለውን ተጽዕኖ እንመለከታለን።

ማኅበራዊ ጭንቀት ምንድን ነው?

ማኅበራዊ ጭንቀት «ሰዎች ይታዘቡኛል፤ አፍራለሁ» ከሚል ሥጋት የሚመነጭ ፍርሃት ነው። ሲጠና ትምህርትንና ሥራን ያውካል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ሕመሞችን በሚመድብበት መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

ዴቪድ ክላርክና አድሪያን ዌልስ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1995 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት፣ ጭንቀት ያለበት ሰው ሲነጋገር ትኩረቱ ወደ ራሱ ይዞራል። «ድምፄ ተንቀጠቀጠ? ላበኝ?» እያለ ራሱን ሲመረምር የንግግሩ ፈር ይጠፋዋል።

ድምፅ ወይስ ጽሑፍ?

የስልክ ጥሪ ይህን ፍርሃት ይቀሰቅሳል። ሳይታሰብ ይደወላል፤ መልስ ወዲያው ይፈለጋል፤ የሰሚው ፊት ስለማይታይ ዝምታው ለክፉ ይተረጎማል። ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1992 በብሪታኒያ የተላከው አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን ይህን ሁሉ ይለውጣል። ጸሐፊው ያስባል፣ ይሰርዛል፣ ያርማል፤ ሲዘጋጅም ይልካል።

ዶና ሪድና ፍሬዘር ሪድ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት 158 የሞባይል ስልክ ተጠቃሚዎችን ጠይቀው ነበር። በጥናቱ ማኅበራዊ ጭንቀት ያለባቸው ሰዎች ጽሑፍን ሲመርጡና ስሜትን ለመግለጽም የተሻለ ነው ሲሉ፣ ብቸኝነት የሚሰማቸው ግን የድምፅ ጥሪን መርጠዋል። ብቸኛው የሰው ቅርበት ይሻል፤ ተጨናቂው ደግሞ ቅርበቱን ቢሻም ከሚመዝነው ዓይንና ጆሮ መራቅን ይፈልጋል ብለን ልንረዳው እንችላለን። ስለዚህ በአንድ ስልክ ላይ ያሉ ሁለት አገልግሎቶች ሁለት የተለያዩ የልብ ፍላጎቶችን ያሟላሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም። ጽሑፍ የሚወድ ሁሉም ጭንቀት አለበት ማለት አይደለም።

እፎይታው ምን ያስከፍላል?

ከሚፈሩት ነገር መሸሽ ለጊዜው ያሳርፋል። ሆኖም የፈራነው ውርደት በእርግጥ ይደርስ እንደ ነበር የምንፈትንበትን ዕድል ስለሚነሣን ፍርሃቱ ይቆያል። መምህሩን በአካል ለመጠየቅ የሚፈራ ተማሪ ጥያቄውን በጽሑፍ ልኮ ከዚያ በኋላ ቢሮው ድረስ ከሄደ፣ ጽሑፉ መነሻ ሆኖታል። ሁልጊዜ በጽሑፍ ብቻ ከተወሰነ ግን ጉዳዩ ቢፈጸምም ፍርሃቱ እንዳለ ይቀራል። በሥነ ልቦና ሕክምናም የሚመከረው የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መለማመድ ነው።

እንግዲህ መሣሪያን በምንመርጥበት ጊዜ «የትኛው ይቀላል?» ከሚለው ጋር «ከምን እየሸሸሁ ነው?» ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል። ፍርሃቱ ትምህርትን ወይም ሥራን እስከ ማስተጓጎል ከደረሰም የባለሙያ ምክር መሻት ተገቢ ነው።