ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? የተከፋፈለ ማንነት ሲናወጥ

የቻይና ታሪክ ምሁሩ ሮበርት ኦክስናም ኒውዮርክ ያለውን ኤዥያ ሶሳይቲን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ ግን በውስጣቸው 11 ማንነቶች እንደነበሩ፣ በረጅም ሕክምናም ወደ 3 እንደወረዱ ገለጡ። ሐኪሞች ዲሶሲዬቲቭ አይደንቲቲ ዲስኦርደር የሚሉት ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ከደረሰ ተደጋጋሚ ጥቃት ጋር ይያያዛል።

እንቅልፍ ማጣት፣ ጭቅጭቅ ወይም አንድ የቆየ ሽታ ታማሚውን ሊያናውጠው ይችላል። ሰዓታት የት እንደገቡ አያውቅም፤ መግዛቱን የማያስታውሰው ዕቃ ቦርሳው ውስጥ ይገኛል። ያኔ የድሮውን ቁስል መቆፈር አይመከርም፤ የሕክምናው የመጀመሪያ ምዕራፍም ደኅንነትና መረጋጋት ነው። ለዚህም የሚከተሉት እርምጃዎች ይረዳሉ።

1. ወደ ዛሬ መመለስ። ዓይንን ሳይጨፍኑ ቀኑን፣ ቦታውንና ዕድሜን ጮክ ብሎ መናገር፦ «ዛሬ ማክሰኞ ነው። 34 ዓመቴ ነው። የበሩ ቁልፍ በእጄ ነው።» ቀጥሎ የሚታዩ 5፣ የሚዳሰሱ 4፣ የሚሰሙ 3፣ የሚሸተቱ 2፣ የሚቀመሱ 1 ነገር መቁጠር። ዓይን ጨፍኖ በጥልቀት መተንፈስ አንዳንዱን ይብሱን ከአካባቢው ያርቀዋል።

2. የጋራ ደብተር። ሁሉም ማንነቶች የሚጽፉበት አንድ ደብተር በሚታይ ቦታ ይቀመጣል። «የጠዋቱ ክኒን 2 ሰዓት ላይ ተውጧል» የምትል መስመር መድኃኒቱ በመርሳት ሁለቴ እንዳይወሰድ ትከላከላለች።

3. መደራደር። ከማንነቶቹ መካከል ቁጡው ብዙ ጊዜ ያኔ ጥቃት የደረሰበትን ልጅ ሲከላከል የኖረ ነው፤ ሲያባርሩት ይብስበታል። ይልቅ ትንሽ ስምምነት ይሻላል፦ «ዛሬ ማታ ከቤት አንወጣም፤ ነገ ለሐኪሟ እንነግራታለን።»

4. አደጋን ማራቅ። እስኪረጋጋ ድረስ መኪና አለመንዳት፣ መጠጥ አለመቅመስ፣ የተጠራቀመ መድኃኒትና ስለታም ዕቃ ለቤተሰብ መስጠት። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ብቻውን ሳይተዉት ወዲያውኑ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል፤ በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።

5. የቤተሰብ ድርሻ። ሳያስፈቅዱ አለመንካት፣ «እስቲ ያኛው ይምጣ» ብሎ አለመቀለድ፣ በለሰለሰ ድምፅ ስሙንና ቀኑን መንገር። ነገሩን ከዛር ጋር የሚያገናኝ ቤተሰብ ጠበል ቢወስደውም ክኒኑንና ቀጠሮውን አያስቋርጠው።

ሲረጋጋ ያናወጠው ነገር፣ የረዳው እርምጃና የሚደወልለት ሰው ስልክ በአንድ ገጽ ተጽፎ ደብተሩ ሽፋን ላይ ይለጠፋል።