የእናት የሐጅ ገንዘብና የቻይና ስልክ



በቅርቡ የዐስር ሰላት ሰግደን ከመስጊድ ስንወጣ አንድ የሰፈራችን ወጣት ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» አለኝ። መርካቶ ውስጥ የሞባይል ዕቃ የሚሸጥ፣ ሥራውን የሚያከብር ልጅ ነው። እናቱ ለሐጅ ብለው ለዓመታት ያጠራቀሙት ገንዘብ በእሱ እጅ ይገኛል። ከኪሱ ስልኩን አወጣና እንዲህ አለኝ፦ «ይህን ስልክ የሚሠራው የቻይና ኩባንያ ምን ያህል እንደሚሸጥ እኔ በሱቄ አየዋለሁ። ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ አክሲዮኑን እንግዛ ይለኛል። እዚህ ደግሞ አንድ ሰው በኩባንያው ስም ገንዘብ እየሰበሰበ በየወሩ ከመቶ ዐሥር እከፍላለሁ ይላል። የትኛው ይሻለኛል?»

ጥያቄው ደጃፍ ላይ ቆመው የሚጨርሱት አልነበረም። የእሱ ብቻ እንዳልሆነም ስለማውቅ፣ ቁጭ ብለን የተነጋገርነውን በሥርዓት አዘጋጅቼ ለአንባቢያን ማቅረቡን መረጥሁ።

አክሲዮን ምን ማለት ነው?

አክሲዮን የገዛ ሰው ለኩባንያው አበዳሪ አይደለም፤ ሸሪክ ነው። ኩባንያው ሲያተርፍ ከትርፉ ይካፈላል፤ ሲከስር ከኪሳራው ይደርሰዋል። ስለዚህ ማንም ሰው ከመሸረኩ በፊት መርካቶ ውስጥ ሱቅ አብሮ ለመክፈት ሲያስብ የሚጠይቀውን ሁሉ መጠየቅ ይገባዋል፦ ሸሪኬ ማን ነው? ምን ይሸጣል? ዕዳው ስንት ነው? ምን ሊደርስበት ይችላል? ወጣቱ ያወቀው ስልኩን ነው። ስልኩን ማወቅ ግን ድርጅቱን ማወቅ አይደለም።

የሚሸጠውና የማይሸጠው

በመጀመሪያ፣ ስሙን የምናውቀው ኩባንያ ሁሉ አክሲዮኑ በገበያ አይገኝም። ሁዋዌ እ.ኤ.አ. በ1987 በሼንዠን ከተማ የተመሠረተ ትልቅ ድርጅት ነው፤ ሆኖም ድርሻው በሠራተኞቹ ማኅበር በኩል የተያዘ ስለሆነ በየትኛውም የአክሲዮን ገበያ አይሸጥም። ኦፖና ቪቮም እንዲሁ የግል ድርጅቶች ናቸው። «የሁዋዌ አክሲዮን ልሽጥልህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሰውዬው ወይ አላዋቂ ነው ወይ አታላይ ነው።

በገበያ ከሚሸጡት መካከል ሦስቱን እንጥቀስ። ዜድቲኢ እ.ኤ.አ. በ1997 በሼንዠን፣ በ2004 ደግሞ በሆንግ ኮንግ ገበያ ገባ። ሻኦሚ እ.ኤ.አ. በ2010 ተመሥርቶ በሐምሌ 2018 በሆንግ ኮንግ አክሲዮኑን ሸጠ። ሦስተኛው ትራንሽን ነው። ስሙ ብዙም አይታወቅም፤ ነገር ግን ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የሚባሉት ስልኮች የእሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዡ ዣኦጂያንግ በተባለ ሰው ተመሥርቶ ፊቱን በቀጥታ ወደ አፍሪካ አዞረ። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ፣ የጥቁር ሰውን መልክ አጥርቶ የሚያነሳ ካሜራ አቀረበ። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ መገጣጠሚያ አቋቋመ። አክሲዮኑ በሻንጋይ ገበያ መሸጥ የጀመረው በመስከረም 2019 ሲሆን፣ አንዱ በ35.15 ዩዋን ወጥቶ በመጀመሪያው ቀን ከ60 በመቶ በላይ ጨመረ።

ወጣቱ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። እኔ ግን ቀጠልሁ። ይህ አክሲዮን የሚሸጥበት የሻንጋይ የቴክኖሎጂ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2021 በሆንግ ኮንግ በኩል ለውጭ ሰዎች በር ሲከፍት፣ በሩ የተከፈተው ለትልልቅ የገንዘብ ተቋማት እንጂ ለግለሰብ አልነበረም። የአክስቱ ልጅ «እገዛዋለሁ» ሲል በየትኛው ፈቃድ ባለው ደላላ፣ በየትኛው ገበያ፣ በማን ስም እንደሚገዛ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። እዚህ አገር የምንኖረው ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ወደ ባዕድ አገር ልከን አክሲዮን መግዛት ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ መሆኑን እንወቅ። ገንዘቡ በሰው እጅ፣ አክሲዮኑ በሰው ስም ሆኖ በመካከል አለመግባባት ቢነሳ ለየትኛው ዳኛ አቤት ይባላል?

ብዙ መሸጥና ብዙ ማትረፍ

ሁለተኛው ጥያቄ ኩባንያው ምን ያህል ያተርፋል የሚለው ነው። ትራንሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ከ62 ቢሊዮን ዩዋን በላይ ሸጦ የተጣራ ትርፉ 5.5 ቢሊዮን ዩዋን ያህል ነበር። ከመቶ ዘጠኝ ገደማ ማለት ነው። የሻኦሚ መሥራች ሌይ ጁን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ኩባንያው ከሚሸጣቸው ዕቃዎች የሚያገኘው የተጣራ ትርፍ ከመቶ አምስት እንደማይበልጥ በይፋ ቃል ገብቷል። ርካሽ ስልክ የሚሸጥ ነጋዴ በትንሽ ትርፍ ብዙ ዕቃ በማንቀሳቀስ ይኖራል። የዕቃው ዋጋ ጥቂት ሲወደድበት ወይም የአፍሪካ ገንዘቦች ከዶላር አንጻር ሲረክሱ ያቺ ቀጭን ትርፍ ወዲያው ትነካለች። ይህን የመርካቶ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል።

የኩባንያው ትርፍና የአክሲዮኑ ዋጋም አንድ አይደሉም። የሻኦሚን ታሪክ ተመልከቱ። በሐምሌ 2018 አንዱ አክሲዮን በ17 የሆንግ ኮንግ ዶላር ተሸጠ። በመስከረም 2019 ዋጋው ወደ ግማሽ ወረደ። በጥር 2021 መጀመሪያ ከ30 ዶላር አለፈ። በጥቅምት 2022 ተመልሶ ከ10 በታች ሆነ። በ2025 ደግሞ ከ50 በላይ ወጣ። በ2018 ገዝቶ ሰባት ዓመት የታገሠ ሰው አተረፈ፤ በ2019 ገንዘቡ ለልጅ ሕክምና ወይም ለሐጅ ጉዞ አስፈልጎት የሸጠ ሰው ግን የሀብቱን ግማሽ አጣ። ሁለቱም የገዙት አንድ አክሲዮን ነበር። የለያቸው የመሸጫቸው ጊዜ ነው።

ከኩባንያው እጅ ውጭ ያለ አደጋ

ሦስተኛው ነገር ፖለቲካ ነው። በሚያዝያ 2018 የአሜሪካ መንግሥት፣ ዜድቲኢ በኢራንና በሰሜን ኮሪያ ላይ የተጣለውን የንግድ ማዕቀብ በመጣስ ከተቀጣ በኋላ የገባውን ቃል አላከበረም በማለት ከአሜሪካ ዕቃ እንዳይገዛ ለሰባት ዓመት አገደው። የስልኩና የመሣሪያው ዋና ዋና ክፍሎች ከአሜሪካ ይመጡ ስለነበር ታላቁ ኩባንያ በሳምንታት ውስጥ ዋና ሥራውን አቆመ። አክሲዮኑ ለሁለት ወር ያህል ከገበያ ታገደ፤ በሰኔ ሲመለስ በሆንግ ኮንግ በአንድ ቀን 40 በመቶ ገደማ ወደቀ። ኩባንያው ከእገዳው የወጣው 1 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍሎ፣ ሌላ 400 ሚሊዮን ዶላር በመያዣ አስቀምጦ ነው። ይህ ድርጅት በአገራችን የቴሌፎን መሥመር ዝርጋታ ሰፊ ሥራ የሠራ ስለሆነ ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ሻኦሚም በጥር 2021 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ከቻይና ጦር ጋር ግንኙነት ካላቸው ድርጅቶች ተርታ ሲያስገባው፣ አክሲዮኑ በአንድ ቀን 10 በመቶ ያህል ቀነሰ። ኩባንያው ፍርድ ቤት ሄዶ በመጋቢት የእግድ ትእዛዝ አገኘ፤ በግንቦት ከዝርዝሩ ወጣ። ያም ሆኖ በዚያ ቀን ደንግጦ የሸጠ ሰው ኪሳራውን ማንም አልመለሰለትም። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው።

የሸሪዓው ሚዛን

ስልክ መሥራትና መሸጥ በራሱ ሐላል ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ጥያቄው የሚነሣው ኩባንያው ከባንክ በወለድ ሲበደር፣ ገንዘቡን በወለድ ሲያስቀምጥ ወይም ከስልኩ ጎን ሌላ ነገር ሲሠራ ነው። ሻኦሚ ለምሳሌ ከስልክ ሌላ በኢንተርኔት ማስታወቂያ፣ በጨዋታና በብድር አገልግሎት ገቢ ሲያገኝ ቆይቷል።

በዚህ ላይ ዑለማእ ሁለት አቋም አላቸው። ጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የእስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ዋና ሥራው ሐላል ቢሆንም አልፎ አልፎ በወለድ በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን መያዝ በመሠረቱ ክልክል ነው ብሏል። መቀመጫው ባሕሬን የሆነው የእስላማዊ የገንዘብ ተቋማት የሒሳብና የኦዲት ድርጅት ደግሞ መሠረቱን ሳይክድ በመስፈርት የተወሰነ ፈቃድ ሰጥቷል። መስፈርቶቹም እነዚህ ናቸው፦ የወለድ ዕዳው ከኩባንያው የገበያ ዋጋ 30 በመቶ እንዳይደርስ፤ በወለድ ያስቀመጠውም ገንዘብ እንዲሁ እንዳይደርስ፤ ከማይፈቀድ ምንጭ የሚገባው ገቢ ከጠቅላላው ገቢ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ።

መስፈርቱን ባለፈ ኩባንያም ቢሆን ባለአክሲዮኑ የሚያጠራው ድርሻ አለው። አንድ ኩባንያ 100 ሚሊዮን አክሲዮን ቢኖረው፣ በዓመቱም 3 ሚሊዮን ብር የወለድ ገቢ ቢያገኝ፣ ለእያንዳንዱ አክሲዮን 3 ሳንቲም ይደርሳል። 1,000 አክሲዮን የያዘ ሰው 30 ብር ከገንዘቡ አውጥቶ ለችግረኞች ይሰጣል፤ በዚህም የሰደቃ ምንዳ አይጠብቅም፤ የእሱ ያልሆነውን ከገንዘቡ ማውጣቱ ነውና። እነዚህ ቁጥሮች በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ ዓምና ሚዛኑን ያለፈ ኩባንያ ዘንድሮ ላያልፍ ይችላል። የኩባንያውን ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫ ማንበብ ያልቻለ ሰው የሚያነብለትን ይፈልግ፤ ሁለቱንም ያላገኘ ይታገሥ።

«ከመቶ ዐሥር» የሚከፍለው ሰውዬ

አሁን ወደ ወጣቱ ሁለተኛ ጥያቄ እንመለስ። ትራንሽን በአንድ ሙሉ ዓመት ከሽያጩ ያተረፈው ከመቶ ዘጠኝ ያህል ነው ብለናል። ታዲያ በስሙ ገንዘብ የሚሰበስበው ሰው በአንድ ወር ከመቶ ዐሥር የሚከፍለው ከየት አምጥቶ ነው? በዓመት ከመቶ 120 መሆኑ ነው። ኩባንያው ካፒታል ሲፈልግ ወደ ሻንጋይ ገበያ ሄዶ በሕግ ፊት ይሸጣል እንጂ ሰው ልኮ ከሰፈር ለሰፈር አይሰበስብም። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የሚከፈላቸው ከኋላ በመጡት ገንዘብ ነው። አዲስ ገቢ ሲቋረጥ ሰብሳቢው ስልኩን ያጠፋል፤ ያን ጊዜ የሚያለቅሱት ወዳጆቻቸውን ያስገቡት ናቸው።

የሸሪዓው መልስም ከዚህ የተለየ አይደለም። ዋናው ገንዘብ ሳይነካ በየወሩ የተቆረጠ ክፍያ እሰጣለሁ የሚል ሰው ሽርክና አላቀረበም፤ ስሙን ለውጦ ወለድ ነው ያቀረበው። በሽርክና ትርፍ የሚገባው ኪሳራን ለመሸከም የተዘጋጀ ሰው ነው።

የመጨረሻው ምክር

ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ወጣቱ፣ «ታዲያ ጭራሽ ይቅር ነው የሚሉኝ?» አለኝ። አይደለም። የራሱ የሆነ፣ ለዓመታት የማይፈልገው፣ ቢጠፋ ቤተሰቡን የማያስርብ ገንዘብ ያለው፣ በሕጋዊ መንገድ መግዛት የሚችል፣ የሒሳቡን ሚዛን ያየ ሰው ቢሸርክ ነውር የለበትም። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአክሲዮን ገበያ ተከፍቷልና እነዚሁን ጥያቄዎች ለአገር ውስጥ ኩባንያዎችም ማንሳት መልመድ አለብን። የእናቱ ገንዘብ ግን ሁለት ነገር አለበት፤ አማና ነው፣ ቀንም የተቆረጠለት ነው። የሐጁ ወቅት ሲደርስ የሆንግ ኮንግ ገበያ እስኪያገግም አይጠብቅም። አማና ደግሞ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለንግድ አይወጣም።

ጥቂት አቀርቅሮ ቆየና፣ «እናቴን ምን ልበላቸው? ነገ አስገባለሁ ብዬ ነግሬያቸው ነበር» አለኝ።

«ገንዘብዎ በቦታው አለ በላቸው» አልሁት።

ወላሁ አዕለም።